ጭስ ዓይናችንን ለምን ያስለቅሳል? አልዲሃይዶች በሰውነታችንና በአእምሯችን ላይ የሚያደርሱት

እንጀራ ሲጋገር አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ምጣዱ ይግላል፣ ጎመን ዘር ይበተንበታል፣ በማሰሻ ይታሰሳል፤ ወዲያው የሚቆጠቁጥ ጭስ ይነሳል። ዓይን ያነባል፣ አፍንጫ ያቃጥላል፣ ጉሮሮ ይከረክራል። እሳቱ የማገዶ ወይም የኩበት ከሆነ ደግሞ ከሥር የሚወጣው ጭስ ይጨመርበታል። "ጭስ ነው፣ ምን ይደረግ!" ብለን ዓይናችንን ጠርገን እናልፋለን።

ግን እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ጭሱ ውስጥ ያለው የሚያቃጥለን ነገር ምንድነው? ጥቁሩ ጥላሸት ነው እንዳትሉ፤ ጥላሸት እጃችሁን ሲነካ አያቃጥልም። ከዋናዎቹ ተጠያቂዎች አንዱ አክሮሊን የሚባል በዓይን የማይታይ ሞለኪውል ነው። ዘይትና ቅባት ከልክ በላይ ሲግል፣ እንጨትም ሲቃጠል ይፈጠራል። ሰዎች ምን ያህል እንደሚያሰቃይ በደንብ ስለሚያውቁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳዮች በጦር ሜዳ እንደ አስለቃሽ ጋዝ ተጠቅመውበታል። አዎ፣ በኩሽናችን ያለው ያው ሞለኪውል!

አክሮሊን ብቻውን አይደለም፤ አልዲሃይድ የሚባል ትልቅ ቤተሰብ አባል ነው። ከዚህ ቤተሰብ አንዱ በአዲስ ቁም ሳጥን ሽታ ውስጥ አለ። ሌላው ሰው ጠጥቶ ሲያድር በደሙ ውስጥ ይመላለሳል። ሦስተኛው ደግሞ አሁን ይህን ስታነቡ በአንጎላችሁ ውስጥ እየተፈጠረና እየተወገደ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ ማወቅ ያለብን ዋናው ነገር ይኼ ነው፦ አልዲሃይድ ሁልጊዜ ከእኛ ጋር አለ፤ የሚጎዳን የሚገባው መጠን ሰውነታችን ማጽዳት ከሚችለው ሲበልጥ ነው።

አልዲሃይድ ምንድነው?

ስሙን ያወጣለት ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ነው፤ እ.ኤ.አ በ1835። "ሃይድሮጅን የተወሰደበት አልኮል" የሚለውን የላቲን ሐረግ አሳጥሮ ነው የሠራው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይናገራል፤ ከአልኮል ላይ ሁለት የሃይድሮጅን አቶሞች ስትወስዱ አልዲሃይድ ታገኛላችሁ።

የሁሉም አልዲሃይዶች መለያ አንድ ነው። በሞለኪውሉ ጫፍ ላይ አንድ የካርቦን አቶም አለ፤ ከኦክስጅን ጋር በጥንድ ቦንድ፣ ከሃይድሮጅን ጋር ደግሞ በነጠላ ቦንድ ታስሯል። ኦክስጅን ኤሌክትሮን በኃይል የሚስብ አቶም ስለሆነ ካርቦኑን "ያራቁተዋል"። የተራቆተው ካርቦን ደግሞ ኤሌክትሮን የሚያካፍለው ነገር ሲያገኝ ወዲያው ይጣበቃል።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ሰውነታችን ኤሌክትሮን በሚያካፍሉ ነገሮች የተሞላ ነው። ፕሮቲኖቻችን ላይ ብዙ የናይትሮጅንና የሰልፈር ጫፎች አሉ፣ ዲኤንኤ ላይም እንዲሁ። ለአልዲሃይድ እነዚህ ሁሉ እንደ ማንጠልጠያ ናቸው። አንዳንዶቹ አልዲሃይዶች ደግሞ ከአንድ በላይ ቦታ መያዝ ይችላሉ። አንዱን ፕሮቲን ከሌላው ጋር ወይም ዲኤንኤን ከፕሮቲን ጋር ይሰፉታል።

ይህ ስፌት ምን እንደሚመስል ማየት ከፈለጋችሁ የባዮሎጂ ላብራቶሪ መደርደሪያ ላይ ያለውን ማሰሮ አስታውሱ። እንቁራሪቷ ወይም እባቡ ለዓመታት ሳይበሰብስ የሚቆየው ፎርማሊን ውስጥ ስለገባ ነው። ፎርማሊን ማለት ደግሞ ከአልዲሃይዶች ሁሉ ትንሹ የሆነው ፎርማልዲሃይድ በውኃ ተበጥብጦ ነው። ፕሮቲኖቹን እርስ በርስ ሰፍቶ ያደርቃቸዋል፤ ባክቴሪያም ሊበላቸው አይችልም። በቆዳ ፋብሪካ ጥሬ ቆዳ ሲለፋም ግሉታራልዲሃይድ የሚባል ዘመዳቸው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ለሞተ ቆዳ ጥሩ ነው፤ በሕይወት ላለ ሳንባ ግን አይደለም።

ሁሉም ጠላት አይደሉም

እዚህ ላይ "በቃ፣ አልዲሃይድ የሚባል ነገር አላይም!" እንዳትሉ። የቫኒላ መዓዛ አልዲሃይድ ነው። የቀረፋ መዓዛም አልዲሃይድ ነው። እነዚህ ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው፣ በትንሽ መጠን ነው የምናገኛቸው፣ ሰውነታችንም በቀላሉ ያስወግዳቸዋል።

ከዚህም የሚደንቅ አለ። ይህን ጽሑፍ ማየት የቻላችሁት በአልዲሃይድ ምክንያት ነው። በዓይናችሁ ብርሃን ተቀባይ ህዋሶች ውስጥ ሬቲናል የሚባል ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ሞለኪውል አለ። ሬቲናል አልዲሃይድ ነው። በዚያው በተራቆተው ካርቦኑ አማካይነት ኦፕሲን ከሚባል ፕሮቲን የናይትሮጅን ጫፍ ጋር ይጣበቃል፤ ብርሃን ሲመታው ቅርጹን ይቀይራል፤ ይህ ለውጥ ወደ ነርቭ መልእክት ይቀየራል። ጎጂ የሚያደርገው ያው የመጣበቅ ባሕርይ እዚህ ብርሃናችን ሆነ ማለት ነው።

ስኳር በሽታ ያለበት ዘመድ ካላችሁ ደግሞ ሐኪሙ "የሦስት ወር አማካይ" የሚለውን ምርመራ ሲያዝ ሰምታችሁ ይሆናል። ግሉኮስ ሞለኪውሉ ሲዘረጋ ጫፉ ላይ የአልዲሃይድ ቡድን አለው። ደም ውስጥ ስኳር ሲበዛ ይህ ጫፍ ቀስ እያለ ሄሞግሎቢን ላይ ይጣበቃል። ምርመራው የሚቆጥረው የተጣበቀውን ነው። ቀይ የደም ህዋስ የሚኖረው ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ስለሆነ የሦስት ወሩን ታሪክ ይነግረናል። እንግዲህ መጣበቁ በሁላችንም ውስጥ አለ፤ ጥያቄው ስንት ነው የሚለው ነው።

ሮቶው፦ የሚገባና የሚወጣ

የተማርኩት ምህንድስና ስለሆነ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የውኃ ሮቶ ነው። ከላይ ቧንቧ ያስገባል፣ ከታች ማፍሰሻ ያስወጣል። ውኃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚወስነው የሁለቱ ሚዛን ነው። የሚገባው የማፍሰሻውን አቅም ካላለፈ ውኃው የሆነ ከፍታ ላይ ይረጋል። ካለፈ ግን መቆሚያ የለውም፤ ሞልቶ ይፈሳል።

ሰውነታችንም እንዲሁ ነው። ፎርማልዲሃይድን ያለማቋረጥ ራሱ ይሠራል፤ ዲኤንኤ የሚጠቀለልባቸው ፕሮቲኖች ላይ ያሉ ምልክቶች ሲነሱ፣ አንዳንድ አሚኖ አሲዶች ሲፈጩ ይወጣል። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ በሊትር ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ይገኛል። ታዲያ ለምን እንደ ማሰሮዋ እንቁራሪት አልደረቅንም? ማፍሰሻው በጣም ፈጣን ስለሆነ ነው። ወደ ደም የገባ ተጨማሪ ፎርማልዲሃይድ በ1 ደቂቃ ተኩል ገደማ ግማሹ ይወገዳል።

ማፍሰሻዎቹ ኢንዛይሞች ናቸው። ሁለቱን እናስታውስ። አንደኛው ኤዲኤች-5 ይባላል፤ ዋና ሥራው ፎርማልዲሃይድ ነው። ሁለተኛው ኤኤልዲኤች-2 ነው፤ በተለይ ከአልኮል የሚመጣውን አሴታልዲሃይድ ወደ አሴቴት ይቀይራል፤ አሴቴት የኮምጣጤ ዘመድ ነው፣ ጉዳት የለውም። ከእነዚህ በተጨማሪ ግሉታታዮን የሚባል ትንሽ ሞለኪውል አለ፤ አልዲሃይዱ ፕሮቲን ላይ ሳይጣበቅ በፊት ራሱን አሳልፎ ሰጥቶ ያስቀረዋል። አክሮሊን ይህን የግሉታታዮን ክምችት ቶሎ ቶሎ ስለሚጨርስ ነው በተለይ የሚፈራው።

ማፍሰሻው ሲዘጋ

ማፍሰሻው ምን ያህል አስፈላጊ እንደሆነ ያወቅነው ሲዘጋ በማየት ነው።

በ1940ዎቹ ኮፐንሃገን ውስጥ የንስ ሃልድና ኤሪክ ያኮብሰን የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ዳይሰልፊራም የሚባል ኬሚካል ለአንጀት ትል መድኃኒት ይሆን እንደሆነ እየሞከሩ ነበር። ጉዳት እንደሌለው ለማየት ራሳቸው ዋጡት። ምንም አልሆኑም፤ አልኮል እስከሚቀምሱ ድረስ። ከዚያ ፊታቸው ቀላ፣ ልባቸው መታ መታ አለ፣ አቅለሸለሻቸው። ኬሚካሉ የአልዲሃይድ ማፍሰሻውን ስለዘጋው አልኮሉ አሴታልዲሃይድ ሆኖ ደማቸው ውስጥ ተከማችቶ ነበር። ዳይሰልፊራም ዛሬም መጠጥ ማቆም ለሚፈልጉ ሰዎች በሐኪም ክትትል የሚሰጥ መድኃኒት ነው። (ሰውዬው ሳያውቅ ምግብ ውስጥ ደብቆ መስጠት ግን በፍጹም አይሞከርም፤ ሰው ሊገድል ይችላል።)

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ማፍሰሻቸው ጠብቦ ይወለዳሉ። በምሥራቅ እስያ፣ በተለይ በቻይና፣ በጃፓንና በኮሪያ፣ ብዙ ሰዎች የኤኤልዲኤች-2 ጂናቸው ላይ አንድ ፊደል ተቀይሯል። ከኢንዛይሙ 500 ያህል አሚኖ አሲዶች አንዷ ብቻ ናት የተለወጠችው። በዓለም ላይ ወደ 540 ሚሊዮን ሰዎች ይህን ጂን እንደያዙ ይገመታል። ኢንዛይሙ የሚሠራው አራት ሆኖ ተያይዞ ነው፤ ስለዚህ ከወላጆቹ ከአንዱ ብቻ የተበላሸውን ጂን የወረሰ ሰው እንኳን የቀረው አቅም ከግማሽ በጣም ያነሰ ነው። አራት ሰው አንድ አልጋ ተሸክሞ ሲሄድ አንዱ ቢደናቀፍ ሦስቱም እንደሚቆሙት ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች አንድ ብርጭቆ ሲጠጡ ፊታቸው ይቀላል። ችላ ብለው መጠጣቱን ከቀጠሉ ደግሞ የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው በጣም ከፍ ይላል።

ለምን ካንሰር? አሴታልዲሃይድ ዲኤንኤ ላይ ስለሚጣበቅ ነው። እ.ኤ.አ በ2011 ኬምብሪጅ ያለው የኬታን ፓቴል ቡድን አይጦች ላይ አንድ ነገር አሳየ። አልዲሃይድ አጽጂው ኢንዛይምም የዲኤንኤ ጥገናውም አብረው ሲጠፉ አይጦቹ ለአሴታልዲሃይድ እጅግ ተጋላጭ ሆኑ፤ ብዙዎቹም የደም ካንሰር ያዛቸው። ሰውነታችን ሁለት አጥር አለው ማለት ነው፦ መጀመሪያ መርዙን ማጽዳት፣ ያመለጠው የሚያበላሸውን ደግሞ መጠገን።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ማስረጃ የመጣው እ.ኤ.አ በ2020 ከጃፓን ነው። ሁለቱም ማፍሰሻዎች፣ ኤዲኤች-5 እና ኤኤልዲኤች-2፣ የተበላሹባቸው ልጆች ተገኙ። እነዚህ ልጆች አልጠጡም፣ ጭስ ቤት አልኖሩም። ራሱ ሰውነታቸው የሚሠራው ፎርማልዲሃይድ ብቻ በቂ ነበር። የደም መሥሪያቸው ከሸፈ፣ ቁመታቸው አላደገም፣ የአእምሮ እድገታቸውም ወደኋላ ቀረ። አልዲሃይድ አካልንም አእምሮንም ሊጎዳ እንደሚችል ከዚህ በላይ ግልጽ ምስክር ማግኘት ይከብዳል።

ቧንቧው ከልክ በላይ ሲከፈት

አብዛኞቻችን ማፍሰሻችን ደህና ነው። የእኛ ችግር በብዛት ከሚገባው በኩል ነው። ከየት ከየት ይገባል?

*ጭስ።* እንጨት፣ ኩበትና ከሰል ሲቃጠሉ ፎርማልዲሃይድ፣ አሴታልዲሃይድና አክሮሊን አብረው ይወጣሉ። ሲጋራ፣ ሺሻ፣ እጣን፤ በዝግታ የሚጨስ ነገር ሁሉ ያወጣቸዋል። በኤሌክትሪክ የሚሠሩት "ቬፖች"ም ነጻ አይደሉም፤ ውስጣቸው ያለው ግሊሰሪን በጣም ሲግል ወደ አክሮሊንና ፎርማልዲሃይድ ይለወጣል። አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ጭስ ሲያስለቅሳችሁ አክሮሊኑ በዓይናችሁና በአፍንጫችሁ ነርቮች ጫፍ ላይ ያለ ቲአርፒኤ-1 የሚባል ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ነው። ይህ ፕሮቲን የሰውነታችሁ ደወል ነው። እንባው "እዚህ የሚጣበቅ ነገር አለ፣ ውጡ!" ማለቱ ነው። በኢትዮጵያ አብዛኛው ቤተሰብ ዛሬም የሚያበስለው በማገዶ፣ በኩበትና በከሰል ስለሆነ ይህ ደወል በየቀኑ ይደወላል፤ አብዝተው የሚሰሙት ደግሞ እናቶችና በጀርባቸው የታዘሉ ሕፃናት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት እ.ኤ.አ በ2020 በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ገምቷል። ሁሉም በአልዲሃይድ አይደለም፤ ደቃቅ ብናኙና ካርቦን ሞኖክሳይዱም አሉበት። አልዲሃይዶቹ ግን ከቡድኑ አባላት ናቸው።

*ሙጫ።* ቺፑድና ኤምዲኤፍ የሚሠሩት የእንጨት ፍቅፋቂ በሙጫ ተጋግሮ ነው። ሙጫው ብዙ ጊዜ ዩሪያ ፎርማልዲሃይድ ነው፤ ዩሪያው ያው በማዳበሪያነት የምናውቀው ነው። ሙጫው ለወራት፣ አንዳንዴ ለዓመታት ፎርማልዲሃይድ ይተነፍሳል፤ ሙቀትና እርጥበት ሲጨምር አብዝቶ፣ ጊዜ ሲሄድ ቀንሶ። ይህ በትልቁ የታየው አሜሪካ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ በ2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ ቤታቸውን ያፈረሰባቸው ሰዎች በመንግሥት ተጎታች ቤቶች እንዲኖሩ ተደረገ። ብዙም ሳይቆይ ዓይን ማቃጠል፣ ራስ ምታት፣ ሳል፣ የአፍንጫ መድማት የሚል አቤቱታ መጣ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከሁለት ዓመት በኋላ 519 ቤቶችን ለካ። አማካዩ ከቢሊዮን የአየር ክፍል 77 ነበር፤ ከፍተኛው 590። የዓለም ጤና ድርጅት ለ30 ደቂቃ የሚፈቅደው ወሰን በዚሁ መለኪያ 80 ገደማ ነው። ልኬቱ የተደረገው ደግሞ በክረምት፣ ቤቶቹም ካረጁ በኋላ ነበር፤ አዲስ ሳሉ፣ በበጋው ሙቀት፣ የበለጠ እንደነበር መገመት አይከብድም።

*ፀጉር ቤት።* አንዳንድ "ኬራቲን" የሚባሉ የፀጉር ማለስለሻዎች ፎርማልዲሃይድ ወይም እሱን የሚለቅ ኬሚካል አለባቸው። ፒያስትራው ሲያርፍበት ሙቀቱ ያስወጣዋል። ደንበኛዋ በወራት አንዴ ትስመዋለች፤ ሠራተኛዋ ግን ቀኑን ሙሉ።

*ዘይት።* አንድ ዘይት ደጋግሞ ሲጠበስበት ይጠቁራል፣ ይወፍራል፣ ሽታው ይቀየራል። ያ ሽታ በከፊል አልዲሃይድ ነው። በተለይ እንደ ሱፍና አኩሪ አተር ያሉ ዘይቶች በቀላሉ ይፈራርሳሉ። የተፈጠረው አልዲሃይድ ከጭሱ ጋር ይወጣል፤ የቀረው ከሳምቡሳውና ከቦምቦሊኖው ጋር ይበላል።

*መጠጥ።* አንድ ጠርሙስ ባለ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ 13 ግራም ገደማ አልኮል ይዟል። ጉበት በአማካይ በሰዓት ከ7 እስከ 10 ግራም ነው የሚያስወግደው። የምትሄድበት መንገድ ደግሞ በአሴታልዲሃይድ በኩል ነው፤ ሌላ አቋራጭ የላትም ማለት ይቻላል። ጠላም ይሁን ጠጅ፣ አረቄም ይሁን ውስኪ፣ ያው ነው።

ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ፎርማልዲሃይድን፣ ከአልኮል መጠጥ ጋር የሚመጣውን አሴታልዲሃይድም፣ "በሰው ላይ ካንሰር ያመጣሉ" በሚለው በመጀመሪያው ምድብ አስቀምጧቸዋል። አክሮሊን "ሳያመጣ አይቀርም" በሚለው ቀጣይ ምድብ ውስጥ ነው።

አእምሮስ?

አሁን ብዙ ሰው የማይጠብቀው ክፍል መጣ። አንጎል ለአልዲሃይድ የተጋለጠ አካል ነው፤ ሁለት ምክንያት አለው።

አንደኛው ቅባቱ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ብቻ ሆኖ ከምንጠቀመው ኦክስጅን 20 በመቶውን ይወስዳል፤ በቀላሉ በሚፈራርስ ቅባትም የተሞላ ነው። ብዙ ኦክስጅንና ብዙ ቅባት አንድ ላይ ሲሆኑ ልክ መጥበሻው ላይ እንደሚሆነው፣ ግን በጣም በዝግታ፣ አልዲሃይድ ይፈጠራል። ኤችኤንኢ የሚባለው አንዱ ዓይነት በአልዛይመር ህሙማን አንጎል ውስጥ በርክቶ ተገኝቷል። የበሽታው መንስኤ ይሁን ውጤቱ፣ ወይም ሁለቱም፣ ተመራማሪዎች አሁንም እየተከራከሩበት ነው።

ሁለተኛው ዶፓሚን ነው። ዶፓሚን ተነሳሽነትን፣ እርካታንና እንቅስቃሴን የሚያስተባብር የአንጎል መልእክተኛ ነው። ሥራውን ሲጨርስ መፍረስ አለበት። ሲፈርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሆነው ዶፓል የሚባል አልዲሃይድ ነው። ጤነኛ ህዋስ ዶፓልን ወዲያው ያጸዳዋል። ካልጸዳ ግን በአቅራቢያው ያሉ ፕሮቲኖች ላይ ይጣበቃል፤ አልፋ ሲኑክሊን የሚባለውን ፕሮቲን እንዲጓጎል ያደርገዋል። ይህ ጓጓል የፓርኪንሰን በሽታ መለያ ነው። በበሽታው የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር ዶፓል ከዶፓሚን ጋር ሲነጻጸር ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ የካሊፎርኒያ ጥናት ደግሞ ቤኖሚል የሚባል የፈንገስ ማጥፊያ የአልዲሃይድ ማፍሰሻውን እንደሚዘጋ፣ በሚረጭበት አካባቢ የኖሩና የሠሩ ሰዎችም ለፓርኪንሰን የበለጠ እንደተጋለጡ አሳይቷል። ፓርኪንሰን ሲባል እጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ይታወሰናል፤ ግን ድብርትና ጭንቀት አብረውት የሚመጡ፣ አንዳንዴም ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድመው የሚታዩ ናቸው።

ከውጭ የምንተነፍሰውስ? ፎርማልዲሃይድ ባለበት ቦታ ለረጅም ጊዜ የሠሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ የፓቶሎጂ ላብራቶሪ ሠራተኞች፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የመርሳት ችግር አብዝተው ሪፖርት አድርገዋል። በአይጥ ሙከራዎችም የማስታወስ ችሎታ ሲቀንስ ታይቷል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የላብራቶሪ ሠራተኛ የሚተነፍሰው ፎርማልዲሃይድ ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ኬሚካሎችም አሉ። ወደ ሳንባ የገባው ፎርማልዲሃይድ ደግሞ አብዛኛው እዚያው አፍንጫና ሳንባ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ስለዚህ "ድብርት የያዘህ በቁም ሳጥንህ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትመኑት። ድብርት ብዙ ምክንያት ያለው ሕመም ነው፤ ሕክምናም አለው። በሌላ በኩል ደግሞ ቀኑን ሙሉ ዓይኑን የሚያቃጥለው፣ ራሱን የሚያመው፣ ሌሊት በሳል የሚነቃ ሰው ስሜቱ ደህና እንዲሆን መጠበቅም ይከብዳል። አካልና አእምሮ በአንድ ቤት ነው የሚኖሩት።

ታዲያ ምን እናድርግ?

ወደ ሮቶው እንመለስ። ያለን ምርጫ ሁለት ነው፤ የሚገባውን መቀነስ ወይም የሚወጣውን መጨመር።

ለክፍል አየር ስሌቱ ቀላል ነው፤ አየሩ ውስጥ የሚረጋው መጠን ከምንጩ የሚወጣው በንጹሕ አየሩ ፍሰት ሲካፈል ነው። የክፍሉ አየር በሁለት ሰዓት አንዴ ከሚቀየር በሰዓት አንዴ ቢቀየር፣ ምንጩ ሳይነካ መጠኑ በግማሽ ይወርዳል። መስኮት መክፈት ተራ ምክር ይመስላል፤ ቁጥሩ ግን ተራ አይደለም። ሁለት ተቃራኒ መስኮት ወይም በርና መስኮት ብትከፍቱ ነፋሱ አቋርጦ ስለሚያልፍ ከአንዱ በጣም ይሻላል።

• ኩሽና ውስጥ፦ ጭስ ማውጫ ያለው ምድጃ፣ እንደ "ምርጥ" ያለ ማገዶ ቆጣቢ፣ መብራት ባለበት ደግሞ የኤሌክትሪክ ምጣድ። በኤሌክትሪክም ቢሆን ምጣዱ ሲታሰስ የሚነሳው ጭስ አለና መስኮቱ ይከፈት። ሕፃኑን በዚያ ሰዓት ሌላ ሰው ይያዘው።
• ዘይት፦ መጨስ ከጀመረ እሳቱን ቀንሱ። የጠቆረ ዘይት ላይ ደጋግማችሁ አትጥበሱ።
• አዲስ የቤት ዕቃ፦ ከተቻለ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አየር ባለበት ክፍል ይቀመጥ፤ ሕፃን ከሚተኛበት ክፍል ይራቅ። አናጺው የተቆረጠውን የቺፑድ ጠርዝ ሁሉ እንዲለብጠው ጠይቁት፤ ጋዙ በብዛት የሚያመልጠው በጠርዙ ነው።
• ፀጉር ቤት፦ ጭሱ ዓይናችሁን ካቃጠለ ደወሉን ስሙት። በር ይከፈት፣ ወይም ሌላ ዘዴ ይመረጥ።
• መጠጥና ሲጋራ፦ ማፍሰሻውን የሚያፈጥን ክኒን የለም። ቡናም፣ ቀዝቃዛ ሻወርም አያፈጥነውም። መቀነስ ወይም መተው ብቻ ነው።

ማስክስ? ተራው የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ብናኝ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አልዲሃይድን አያስቆምም፤ ጋዝ ስለሆነ ሰተት ብሎ ያልፋል።

በሚቀጥለው ጊዜ ቤታችሁ እንጀራ ሲጋገር እስቲ ይህን ሞክሩ። መጀመሪያ እንደተለመደው በሩ ገርበብ ብሎ ሳለ ዓይናችሁ ምን ያህል እንደሚያቃጥል ልብ በሉ። ከዚያ በሩንም ተቃራኒውን መስኮትም ከፍታችሁ አሥር ደቂቃ ቆዩና እንደገና አስተውሉ። መሣሪያ አያስፈልጋችሁም፤ ዓይናችሁ ላይ ያለው ደወል ይበቃል። ልዩነቱን ካያችሁ ለምትጋግረው ሰው ንገሯት፤ ከሁላችንም በላይ ያን አየር የምትተነፍሰው እሷ ናት።